ዉርያኒና ባዶው ብልቃጥ

ሌላው ሰው ዕቃውን በውሃ አጥቦ ይጨርሳል። ዉርያኒ ግን በውሃ ጀምራ በእሳት ነው የምትጨርሰው። ሰማራንግ ከተማ፣ ከዩኒቨርሲቲው ጓሮ ባለችው ላብራቶሪ ውስጥ፣ የታጠቡትን ብልቃጦች አንድ በአንድ ትደረድርና ሦስት መቶ ዲግሪ ወደሚግለው ምድጃ ታስገባቸዋለች። ከዚያ «ቢስሚላህ» ብላ በሩን ትዘጋለች።

አዲስ ተማሪዎች በመጡ ቁጥር፣ ትልቅ ሴት በምትጠራበት «ቡ» በሚለው የአክብሮት ቃል እየጠሯት፣ መቀለዳቸው አይቀርም።

«ቡ ዉርያኒ፣ ዛሬ ዳቦው መቼ ይደርሳል?»

«ዳቦ ቢሆንማ ሳይበስል ትጨርሱት ነበር» ትላቸዋለች።

ምድጃው ግን ለቀልድ አይነድም። ባክቴሪያ ሲሞት ነገሩ አያበቃም፤ ቆዳው ይቀራል። በአንዳንዶቹ ቆዳ ውስጥ ኢንዶቶክሲን የሚባል መርዝ አለ። ፀሐይ አይበግረውም፣ ሳሙና አይነካውም፣ የፈላ ውሃም ደንታ አይሰጠውም። ከአቧራ ጋር ወደ ሳንባ ሲገባ ደረት ያፍናል፣ ትኩሳት ይለቃል። የዉርያኒ ሥራ ያንን መቁጠር ነው። አቧራውን በአሲድ ትቀቅለዋለች፤ ቆዳው ይፈርስና ከውስጡ አንድ ልዩ ዓይነት ስብ ይወጣል። ስቡን ማሽን ውስጥ ታስገባዋለች፤ ማሽኑ ለያይቶ፣ መዝኖ፣ በወረቀት ላይ ተራራ ተራራ አድርጎ ይሥልላታል። ያ ስብ ከእነዚያ ባክቴሪያዎች ቆዳ በቀር በሌላ ቦታ እምብዛም አይገኝም። «ሥጋው ተበልቶ ቢያልቅ እንኳ፣ ቀንዱን የቆጠረ ስንት ጎሽ እንደታረደ ያውቃል» ትላለች ሥራዋን ለጠየቃት ሁሉ።

ይህን ማንም አላስተማራትም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ወደዚህ ቤት ስትገባ ጠርሙስ አጣቢ ነበረች። ባለሙያው ሥራ ለቅቆ ሲሄድ ማሽኑ ጨርቅ ለብሶ ስምንት ወር ተቀመጠ። አንድ ቀን የላብራቶሪው ኃላፊ ዶክተር ጉሪትኖ ገባ ሲል ጨርቁ ተነሥቶ፣ ማሽኑ በርቶ፣ አጣቢዋ ፊቱ ቆማ አገኛት።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ይቅርታ ዶክተር፣ እንዳይዝግ ብዬ ነው።»

«ስንተኛ ክፍል ነው ያቆምሽው?»

«ዘጠነኛ፣ ዶክተር። የማሽኑን መጽሐፍ ግን በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ አራት ጊዜ ጨርሼዋለሁ።»

ዶክተር ጉሪትኖ ደግ ግን ቶሎ የሚደክመው ሰው ነበር። ወንበር ስቦ ተቀመጠና «እስቲ አሳዪኝ» አላት። ከዚያች ቀን ወዲህ ሃያ ሰባት ዓመት ሆነ። ዉርያኒ ዛሬም በሶላት መጨረሻ እጇን ስትዘረጋ፣ ያቺን «እስቲ አሳዪኝ» የምትል ቃል ሳታነሣ አታሳርግም።

ዉርያኒ የተወለደችው በፓቲ ወረዳ፣ ካራንግሬጆ በምትባል የዛፍ ጥጥ በሚበጠርባት መንደር ነው። አባቷ ፍራሽ ሞይ ነበር። ታናሽ እህቷ ቱሚራ እዚያው ቀርታ በሐጂ ዳሩስማን ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች። የዛፉ ፍሬ ከነቅርፊቱ ይመጣል፤ ሴቶቹ ይፈለፍሉታል፤ ጥጡ በመረብ በታጠረ ግቢ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ከዚያ ማሽኑ ፍሬውን ለይቶ ይበጥረዋል። ማሽኑ ሲሽከረከር ቤቱ ውስጥ ጉም የገባ ይመስላል። ሴቶቹ በሒጃባቸው ጫፍ አፋቸውን ይሸፍናሉ። ሲወጡ ቅንድባቸው ነጭ ነው።

ቱሚራን ሳል ከያዛት ዓመታት አልፈዋል። ታዲያ ሳሉ ቀን ይመርጣል። አርብ ፋብሪካው ለጁምዓ ዝግ ነው፤ ያን ቀን ትሽራለች። ቅዳሜ ሥራ ስትገባ እስከ ቀትር ደረቷ እንደ ገመድ ይጠብቃል፣ ማታ ብርድ ብርድ ይላታል። ከእሁድ ጀምሮ ይለዝባል። አብረዋት የሚሠሩት ሴቶችም እንደዚያው ናቸው። መንደሩ ይህን «ነፋስ ገባባቸው» ይለዋል፤ ጀርባን በዘይትና በሳንቲም ፍቆ ነፋሱን ማስወጣት ነው ሕክምናው።

ሴቶቹ ለወረዳው የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሲያመለክቱ ቢሮው ሐኪም ላከ። ሐኪሙ ወጣትና ጨዋ ነበር፤ ከውጭ አገር መጽሐፍ የተቀዳ መጠይቅ ይዞ መጣ። ሴቶቹን አሰልፎ ጠየቀ።

«ሰኞ ሰኞ ደረታችሁን ያፍናችኋል?»

«ኧረ ሰኞስ ደኅና ነን፣ ዶክተር!» አሉ፣ ሊያስደስቱት።

ሐኪሙ «የጥጥ አቧራ በሽታ ሰኞ ይብሳል፤ እነዚህ ሰኞ ደኅና ናቸው፤ ስለዚህ በሽታው ከሥራቸው ጋር አይገናኝም» ብሎ ፈርሞ ሄደ።

ቱሚራ ወረቀቱን ለእህቷ ይዛላት መጣች። ዉርያኒ አንድ ጊዜ አነበበችው። መጀመሪያ ሣቀች፤ ከዚያ ፊቷ ተለወጠ።

«ምነው እታለም? የከፋ ነገር ተጽፏል?»

«መጽሐፉን የጻፉት እሁድ የሚያርፉ ሰዎች ናቸዋ! እነሱ እሁድ አርፈው ሰኞ ይታመማሉ። እናንተ የምታርፉት አርብ። የእናንተ ሰኞ ቅዳሜ ነው፣ ቱሚ! ይኼ ልጅ ቀኑን ጠየቀ እንጂ ዕረፍታችሁን አልጠየቀም።»

«እና ምን ይሻላል?»

«አቧራውን እንቆጥራለን።»

እንዲህ ተጀመረ። ሴቶቹ እንደገና አመለከቱ። ሐጂ ዳሩስማንም ዝም አላሉም፤ ከአንድ አማካሪ ያሠሩትን ወረቀት አቀረቡ። አማካሪው የፋብሪካውን አቧራ በውሃ አለቅልቆ፣ ውሃውን መርዙ ሲነካው በሚረጋው በባሕር ሸርጣን ደም ፈትኖ፣ «መርዙ ጥቂት ነው» ብሎ ጽፏል። ምርመራው የታወቀ ነው፤ ዉርያኒም አታጣጥለውም። ነገር ግን ከጥጡ ጋር የተጣበቀው ቆዳ በውሃ አይለቅም። በውሃ የታጠበውን የቆጠረ፣ የተጣበቀውን ቤቱ ትቶት ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ በአሲድ አፍርሶ ሁሉንም የሚቆጥር ሰው ያስፈልግ ነበር፤ በዚያ አውራጃ ደግሞ ያ ሰው እሷ ብቻ ነበረች። የቢሮው ሰብሳቢ ቡ ራሃዩ፣ ቀጠሮ ቆርጠው፣ የዉርያኒ ቁጥር የሚጸና ከሆነ በሽታው የሥራ በሽታ ተብሎ እንደሚመዘገብ፣ ፋብሪካውም አቧራ የሚመጥ ማሽን እንዲተክል እንደሚገደድ ተናገሩ። የማይጸና ከሆነ መዝገቡ ይዘጋል። የተዘጋ መዝገብ ድጋሚ እንደማይከፈት መንደሩ ሁሉ ያውቃል።

ዉርያኒ በስምንት ሴቶች ወገብ ላይ ትናንሽ የአየር መሳቢያዎች አሰረች፤ ማጣሪያውን ከአንገታቸው ሥር ሰካች። አንድ ቅዳሜ ሙሉ አቧራ ሰበሰቡ። ማጣሪያዎቹን ይዛ ሰማራንግ ገባች፣ ቀቀለች፣ ማሽኑ ውስጥ አስገባች። ቁጥሩ ከፍ ያለ ነበር፤ እሷ ከጠበቀችውም በላይ።

ችግሩ የመጣው ከባዶዎቹ ብልቃጦች ነው። ዉርያኒ ሁልጊዜ ከናሙናዎቹ ጎን ምንም አቧራ ያልገባባቸው ብልቃጦች ታሰልፋለች። አሲዱም፣ እሳቱም፣ እጇም እኩል ይደርሳቸዋል። በመጨረሻ ማሽኑ ስለ እነሱ ማለት ያለበት «ምንም የለም» ነው። ምንም ከሌለበት ምንም ካልወጣ፣ ከአቧራው የወጣው የአቧራው ነው።

በዚያ ቀን ግን ከባዶዎቹ ወጣ። ከአንዱ ጥቂት፣ ከሌላው ብዙ፣ ከሦስተኛው የአቧራውን ሲሶ የሚያህል።

ወረቀቱን ይዛ ወደ ዶክተር ጉሪትኖ ገባች። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አየው።

«ባዶውን ከአቧራው ቀንሺና ጻፊዋ።»

«እኩል ቢሆን እቀንሰው ነበር፣ ዶክተር። ይኼኛው ስምንት፣ ያኛው አርባ። የትኛውን ነው የምቀንሰው?»

«ቀጠሮው መቼ ነው?»

«ከዛሬ ስምንት ቀን።»

ተነፈሰ። «ዉርያኒ፣ ልንገርሽ። ባዶ ብለሽ የጻፍሽበትን ዓምድ እዚያ ቢሮ ውስጥ የሚያነብ የለም። አውጪው። አቧራው እውነት ነው፤ አንቺም ታውቂዋለሽ፣ እኔም አውቀዋለሁ። ለሴቶቹ ስትይ።»

ዉርያኒ ወረቀቱን አየች። ቱሚራ ነበረች በዓይነ ሕሊናዋ የመጣችው፤ ደረቷን በመዳፏ ደግፋ ግድግዳ ላይ ስትደገፍ። አንድ ዓምድ መሰረዝ የደቂቃ ሥራ ነው።

«ዶክተር» አለች፣ «ዓምዱ ከወጣ ውሸቱ ይገባል። እኔ ደግሞ ለእህቴ ብዬ የዋሸሁት ቁጥር እህቴን አያድናትም። ነገ ሌላ ሰው መጥቶ ቢቆጥር እኔም አብሬ እወድቃለሁ፣ እሷም።»

«እንግዲያውስ ምን ልታደርጊ ነው?»

«እፈልገዋለሁ። ከየት እንደገባ።»

«በስምንት ቀን?»

«የሚያስገኝ አላህ ነው፤ መፈለጉ ግን የእኔ ነው።»

ፈለገች። ውሃውን ቀየረች፤ ያው ነው። አሲዱን አዲስ ጠርሙስ ከፈተች፤ ያው ነው። ጓንቷን ቆርጣ ቀቀለች፤ ንጹሕ። የምድጃውን ሙቀት በሌላ ቴርሞሜትር ለካች፤ ልክ ነው። የመስኮቱን ስንጥቅ በፕላስተር አሸገች። ተማሪዎቹ መቀለድ ትተው ተረከዛቸውን እያነሱ ማለፍ ጀመሩ። አራተኛው ቀን ላይ ምርመራዋን ጥላ ማልቀስ ዳድቷት ነበር፤ ነገር ግን ወረፋ የሚጠብቁ ብልቃጦች ስለነበሩ ማልቀሱን ለሌላ ጊዜ አቆየችው።

ሰኞና ሐሙስ የመጾም ልማድ አላት። በዚያ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ብልቃጦቹን ከምድጃው ለማውጣት አቅም አጣች፤ ምድጃውን አጥፍታ፣ በሩን ሳትከፍት ወደ ቤቷ ሄዳ አፈጠረች። በማግሥቱ ጠዋት ስትመጣ ብልቃጦቹ እዚያው ምድጃ ውስጥ በርደው አገኘቻቸው። በጓንቷ ብቻ እያነሳች አወጣቻቸው። ባዶዎቹን ቀቀለች፣ ማሽኑን አስነሣች፣ ጁምዓ ደርሶ ሰግዳ ተመለሰች። ወረቀቱ ላይ ተራራ የለም። ጉብታም የለም። መስመሩ እንደ ሩዝ እርሻ ውሃ ጸጥ ብሎ ተኝቷል።

ወለሉ ላይ ተደፍታ የምስጋና ሱጁድ ወረደች። ስትነሣ ግን ጥያቄው ይጠብቃት ነበር። ትናንት ያላደረገችው፣ ሌላ ቀን ሁሉ የምታደርገው ነገር ምንድን ነው?

ዓይኗ ከምድጃው ጎን ካለው ሚስማር ላይ ወደቀ።

እዚያ የተሰቀለው የድስት ማውረጃ ጨርቅ ነው፤ ወፍራም፣ አበባ አበባ፣ ጥግ ጥጉ የጠቆረ። ብልቃጦቹ ገና ትኩስ ሳሉ ጠርዛቸውን የምትይዘው በእሱ ነው። ቱሚራ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ሰፍታ ሰጠቻት። የካራንግሬጆ ሴት የድስት ማውረጃ ስትሰፋ ደግሞ ውስጡን በምን እንደምትሞላው ማንም አይጠይቅም። አገሩን ያለበሰው የዛፍ ጥጥ እያለ ቡትቶ ማን ይጠቀጥቅበታል! አንዱ ስፌት ሰሞኑን ተተርትሯል። ቀና አድርጋ ወደ ብርሃኑ ብትይዘው ነጭ ብናኝ ብን አለ።

«አንተ ኖረሃል» አለችው።

በመቀስ ቀደደችው። ከውስጡ በጣት የምትቆነጠር ጥጥ ወስዳ ቀቀለች። ማሽኑ የሣለው ተራራ ከፋብሪካው አቧራ ተራራ ጋር ጎን ለጎን የሚቆም ነበር።

ጥፋቱን አገኘችው፤ ጥፋቱ ግን የራሷ ነው። የከፋው ደግሞ፣ የስምንቱ ሴቶች አቧራ በሙሉ በተበላሹት ብልቃጦች ተቀቅሎ አልቋል። ቀጠሮው ሊደርስ አራት ቀን ቀርቶታል።

ለቱሚራ ደወለች። ነገሩን ሁሉ ነገረቻት።

«የእኔ ጨርቅ?» አለች ቱሚራ።

«ያንቺ ጨርቅ፣ የእኔ እጅ።»

«እና አሁን እዚያ ቢሮ ገብተሽ ተሳሳትኩ ልትይ ነው? ሐጂው ፊት?»

«ሌላ የምለው የለኝም።»

«እታለም፣ ይስቅብናል።»

«ይሣቅ። ጥርሱ የራሱ ነው።»

በቀጠሮው ቀን ቢሮው ሞልቶ ነበር። ሐጂ ዳሩስማን ንጹሕ ሽርጥ አሸርጠው፣ ጥቁር ኮፍያ ደፍተው፣ ከሰው ሁሉ ጋር እየተጨባበጡ ገቡ። ክፉ ሰው አይደሉም። በረመዷን መንደሩን ያስፈጥራሉ፣ መስጊዱን ጣራ አልብሰውታል። ጥጥ ሰው ይጎዳል የሚለው ነገር ግን ከአባታቸው ጀምሮ አልሰሙትም፤ ከፍራሽ ሞይ ልጅ ሊሰሙት ደግሞ አልፈለጉም።

ቡ ራሃዩ ዉርያኒን ቁጥሯን እንድታቀርብ ጠሯት። ተነሣች።

«የተከበሩ ሰብሳቢ፣ ያመጣሁት ቁጥር አይጸናም። ባዶ ብልቃጦቼ ተበክለው ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ቤቱ አጉረመረመ። ቱሚራ አንገቷን ደፋች። ሐጂ ዳሩስማን እጃቸውን ዘረጉ።

«አላልኩም ነበር! እኔ አባትሽን ፍራሽ ሲሞላ አውቀዋለሁ፣ ንዱክ፣ ልጄ። ጨዋ ሰው ነበር። አንቺም ጠርሙስሽን ብታጥቢ ይሻልሽ ነበር።»

ጥቂት ሰዎች ሣቁ።

«ልክ ነው፣ ፓክ ሐጂ» አለች ዉርያኒ፣ እንደ አባት አክብራ እየጠራቻቸው። «ጠርሙስ አጣቢ ነኝ። ስለዚህ ጠርሙሱ መቆሸሹን ያወቅኩት እኔው ነኝ እንጂ ሌላ ሰው አልነገረኝም። በምን እንደቆሸሸ ልንገርዎ?»

ከቦርሳዋ የተቀደደውን ጨርቅ በላስቲክ እንደታሸገ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ይኼ የድስት ማውረጃ ነው። ውስጡ የዛፍ ጥጥ ነው፤ ከእርስዎ ፋብሪካ የወጣ። አሥራ አንድ ዓመት ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ደርቋል። የብልቃጡን አፍ ብቻ ነው የነካው፣ ለአንድ አፍታ። ያ አንድ አፍታ የሃያ ሰባት ዓመት ባለሙያን ሥራ አበላሸ፤ በሦስት መቶ ዲግሪ እሳት ያጠራሁትን መልሶ በከለ። እነዚህ ሴቶች ብልቃጥ አይደሉም። ፀሐይ ላይ ያሰጣችሁትን ጥጥ በቀን ዘጠኝ ሰዓት በአፍንጫቸው ይስባሉ። ከምድጃ ገብተው አይጠሩም።»

«የጥጥ ጨርቅ ሰው ገደለ ልትይ ነው?»

«አላልኩም። ቁጥር የለኝም። ቁጥር የሌለው ሰው መናገር የለበትም፣ ስለዚህ ቁጥሩን ልሥራው። እንደገና አቧራ እንሰብስብ። በመጪው ቅዳሜ፣ የቢሮው ሰው ባለበት፣ እርስዎም ባሉበት። ናሙናውን ለሁለት እንከፍለዋለን። ግማሹን እኔ እቆጥራለሁ፤ ግማሹ ታሽጎ ይቀመጥ፤ ካላመኑኝ የፈለጉት ሰው ይቁጠረው።»

ሐጂ ዳሩስማን ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ ቡ ራሃዩ እስክሪብቶዋቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«አንድ ጥያቄ አለኝ። እዚህ ባትናገሪ ኖሮ ማን ያውቅ ነበር?»

«ማንም፣ ቡ። ከአላህ በቀር።»

ሰብሳቢዋ ለአፍታ ተመለከቷት። «ቅዳሜ ይሁን» አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ዉርያኒ መሳቢያዎቿን በካርቶን ይዛ ፋብሪካው ደጃፍ ስትደርስ ወለሉ በውሃ ታጥቦ ይንጣለላል። መስኮቱ ሁሉ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ማሽኑም እንደ ሽማግሌ እየተነፈሰ ቀስ ብሎ ይዞራል። ጉም የለም፤ ቅንድብ የሚያነጣ ነገር የለም።

«ምን ሆነ ማሽኑ?» አለ ከቢሮው የመጣው ታዛቢ።

«እንዲሁ ነው ሁልጊዜም» አለ የፈረቃው አለቃ ወደ ሌላ እያየ።

ዉርያኒ እዚያ ያለችው ለመለካት ነው፤ ማሽን ፍጠን የማለት ሥልጣን የላትም። መሳቢያውን በቱሚራ ወገብ ላይ አሰረች። ቱሚራ ግን ወደ ቦታዋ አልሄደችም። ወለሉ መካከል እጇን አጣምራ ቆመች።

«ማሽኑ እንደ ረቡዕ ካልሮጠ እኔ አልቀመጥም» አለች።

«ቱሚራ፣ ሥራሽን ሥሪ!» አለ አለቃው።

«ልሥራ እንጂ። ረቡዕ ሁለት መቶ ኪሎ አላወጣችሁም ብለህ ስትጮህብን ነበር። በዚህ ኤሊ ሁለት መቶ ኪሎ ይወጣል? እስቲ ለእኚህ ሰውዬ ንገራቸው!»

ከኋላዋ አንዲት አሮጊት ሣቀች። «ዛሬ ወለሉን በጽጌረዳ ውሃ አጥበውልናል፣ ሰርግ አለ እንዴ?» አለች። ሌላዋ «ሙሽራይቱ መሳቢያው ናታ!» ብላ መለሰች። ሣቁ ቤቱን ሞላው፤ ሣቁ ሳል አስከተለ፤ ሳሉ ግን አላስቀመጣቸውም። አንድ በአንድ ተነሥተው ከቱሚራ ጎን ቆሙ፤ መሳቢያ የሚታሰርላቸው ስምንቱ ብቻ ሳይሆኑ በፋብሪካው ያሉት ሠላሳ አንዱም ሴቶች።

ታዛቢው ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ። ሐጂ ዳሩስማን ከግቢው በር ላይ ሆነው ሁሉን ያዩ ነበር። ሴቶቹን አዩ፣ ታዛቢውን አዩ፣ የሚንቀራፈፈውን የራሳቸውን ማሽን አዩ፤ ያፈሩም መሰሉ።

«እንደ ረቡዕ ይሩጥ» አሉ። «ሐሰት መሥራት አልለመድንም።»

ሮጠ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ጉሙ ተመለሰ።

ዉርያኒ በዚያ ሳምንት ምድጃውን አጥፍታ፣ ብልቃጦቹ እዚያው እስኪበርዱ ትጠብቅ ነበር። ቤቱ ውስጥ ጨርቅ የሚባል ነገር አልቀረም፤ የወንበሯን ትራስ ልብስ እንኳ መርምራ ነው የጣለችው። ሰባት ባዶ ብልቃጥ አሰለፈች። ከሰባቱም ምንም አልወጣም። ከሴቶቹ ማጣሪያ የወጣው ግን ከመጀመሪያው ቁጥር ብዙም አልራቀም፤ ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ በዚያው ልክ ጸንቶ። ዶክተር ጉሪትኖ ገጹን ገልብጦ በመጀመሪያ ያነበበው የባዶውን ዓምድ ነበር። አንብቦ ሲጨርስ ከሥሩ ፈረመ፤ ከእሷ ስም በታች።

ሁለተኛው ቀጠሮ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ቡ ራሃዩ ሁለቱን ዓምድ ጮክ ብለው አነበቡ። የካራንግሬጆ ሴቶች ሕመም የሥራ ሕመም ተብሎ እንዲመዘገብ፣ በመጠይቁም ላይ «ሰኞ» የሚለው «ከዕረፍት ማግሥት» ተብሎ እንዲታረም፣ ፋብሪካው በሦስት ወር ውስጥ አቧራ የሚመጥ ማሽን እንዲተክል አዘዙ።

ሐጂ ዳሩስማን ተነሡ። «ወደ አውራጃው ይግባኝ እላለሁ።»

«መብትዎ ነው፣ ፓክ ሐጂ» አለች ዉርያኒ። «ግማሹ ናሙና ታሽጎ በረዶ ቤት ተቀምጧል። ማንን እንደሚልኩ ብቻ ይንገሩኝ፣ ሻይ አፍልቼ እጠብቀዋለሁ። እስኪቆጥር ድረስ ግን ማሽኑ ይተከል፤ ሳንባ ይግባኝ አይጠብቅም።»

ሰውዬው ሊቆጡ ዳዳቸውና ተዉት። «አባትሽም እንዲሁ ችኮ ነበር» ብለው ወጡ።

ማሽኑ የተተከለው በሦስት ወር ሳይሆን በአምስት ነው። ይግባኙ ግን አልተጻፈም። ቱሚራ አሁንም ታስላለች፤ የተጎዳው የተጎዳ ነውና። ቅዳሜ ግን እንደ ሌላው ቀን ሆኗል። እህቷ ስትደውል «ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ እንኳ ረስቼው ነበር» አለቻት አንድ ቅዳሜ፤ ዉርያኒ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ለረጅም ጊዜ አልሐምዱሊላህ ስትል ቆየች።

በዝናቡ ወር መግቢያ ላይ፣ አንድ ረፋድ፣ አራት የማታውቃቸው ሴቶች ከላብራቶሪው በር ቆመው አገኘቻቸው። ከጄፓራ መንገድ፣ ከሩዝ ወፍጮ ቤት ነው የመጡት። ሒጃባቸው ላይ የሩዝ ገለባ ብናኝ ተጣብቋል። ትልቋ ወደ ፊት ወጣች።

«አቧራ የሚቆጥሩት እርስዎ ነዎት፣ ቡ?»

«እኔ ነኝ።»

«ለእኛም ነፋስ ነው ብለውናል።»

ዉርያኒ እጇን በሽርጧ ጠረገች። «ዕረፍታችሁ ምን ቀን ነው?»

«እሁድ።»

«ስንት ናችሁ?»

«ሠላሳ አራት።»

«መሳቢያው ስምንት ብቻ ነው» አለች፣ በሩን ሰፋ አድርጋ እየከፈተች። «በተራ ታደርጉታላችሁ። ግቡ፣ ጫማችሁን ግን እደጅ አውልቁ።»